የጎማው ዋስ

ዕድሜዬን በሙሉ የመንግሥት ንብረት ጠባቂ ሆኜ ነው የኖርኩት። እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት ቁልፍ ወገቤ ላይ እንደተንጠለጠለ ሸበትኩ። ሰው ከዚህ ሥራ ሁለት ነገር ይዞ በጡረታ ይወጣል፤ የወገብ ሕመምና ጥርጣሬ። ወገቤን ጠበል ተሻለው። ጥርጣሬዬ ግን አልተሻለኝም፤ እንዲሻለኝም አልተሳልኩም። ባለቤቴ ለጎረቤት ስታማኝ፣ "ይሄ ሰውዬ ሲሞት የሳጥኑን ሚስማር ካልቆጠረ አይገባም" ትላለች። ትበል። "ጠርጥር፣ ከገንፎም ይኖራል ስንጥር" ያለው ሰው ገንፎ በልቶ የሚያውቅ ሰው ነው።

አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። የተመደበችበት ቀበሌ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ መንገዱ ወደ ጨሞጋ ወንዝ ከሚያዘቀዝቅበት ቁልቁለት ማዶ ነው። ባጃጅ እስከ ቁልቁለቱ አፍ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የእግዜርና የእግር ነው። ልጄ ግን እግሯን ትታ አንድ ያገለገለ ማውንቴን ሳይክል ገዛች። የክትባት ሳጥኑን ከኋላዋ ጠፍራ ያንን ጠጠርና ኩርባ ትወርደው ጀመር። ምደባውንም ሳይክሉንም ከመጀመሪያው አልወደድኩትም። አለመውደዴንም አልደበቅሁም። "ዝውውር ጠይቂ" ያልኩትን ብዛት ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክራል። ይህ ምስክርነት ኋላ በእኔው ላይ እንደሚውል ግን አልጠረጠርኩም ነበር።

ክረምቱ እንደወጣ አንድ ቀን የፊት ጎማዋ ድንጋይ መታና ተጣመመ። ክርኗ ተልጦ፣ ሳይክሉን በአንድ ጎኑ አንጠልጥላ እየጎተተች መጣች። እናቷ ወደ ክርኗ ሮጠች፤ እኔ ወደ ጎማው። ቸርኬው እንደ ሬት ቅጠል ተቆልምሟል። ሳይክሉ ፍሬኑ የዲስክ ነው። ጎማው መሐል፣ መካኒኮች ሞዞ በሚሉት እምብርት ላይ፣ ሰሃን የመሰለች ክብ ብረት ታስራለች፤ ፍሬን ሲያዝ ሁለት ሸራዎች ያቺን ብረት ግራና ቀኝ ጨምቀው ያቆሟታል። ልጄ ብረቷን በጣቷ አዙራ አየቻት።

"ዲስኩ ደህና ነው፤ ጎማው ብቻ ይገዛ" አለች። "እኔ የክትባት ዘመቻ ላይ ነኝ። አባዬ፣ አንተ ዕቃ ታውቃለህ፤ ዲስክ የሚቀበል የፊት ጎማ ግዛልኝ።"

ዕቃ ታውቃለህ ስትለኝ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ዝውውር ጠይቂ የሚለውን ነገር ለዚያን ቀን ዋጥኩት።

ያገለገለ ሳይክል የሚሸጠው ሰው ሱቅ ገበያው አጠገብ ነው። ከውጭ በኮንቴይነር የመጣ ሳይክል እየፈታታ ይሸጣል። "ይገጥማል" ከሚለው ቃል ሌላ አፉ የሚያውቀው ነገር ያለ አይመስልም። ሰው የጋሪ ጎማ ይዞ ቢመጣና ለልጄ ጫማ ይሆናል ወይ ቢለው፣ ይገጥማል ይለዋል። አንድ ጎማ አወጣልኝ። አሽከረከርኩት፣ አልተወላገደም። ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩት፣ አያቃስትም። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ጨብጬ ነቀነቅሁ።

"ዲስክ ይቀበላል?"

"ጋሼ፣ ለዲስክ የተሠራ ጎማ እኮ ነው።"

ዓይኑን ሳያርገበግብ ነው የነገረኝ። ዓይኑን የማያርገበግብ ነጋዴ ደግሞ ከሚያርገበግበው ይበልጥ ያስፈራኛል። አባቴ ገበሬ ነበር፤ ከበሬ ገበያ ያለ ዋስ በሬ ነድቶ ወጥቶ አያውቅም። ሻጩ በሬው የሌባ እንዳልሆነ፣ እንደማይዋጋ፣ ትልም ላይ እንደማይተኛ የሚዋስለት ሰው ይጠራል፤ ነገሩ ከተበላሸ ተጠያቂው ዋሱ ነው። እኔም የአባቴ ልጅ ነኝ።

"ዋስ ጥራ" አልኩት።

ሳቀ። "ጎማ ነው እኮ ጋሼ፤ በሬ አይደለም።"

"በሬ ቢከዳኝ ማሳው ጦም ያድራል፤ ይሄ ቢከዳኝ ልጄ ገደል ትገባለች። ዋስ ጥራ።"

እየሳቀ ከጎኑ ወዳለው ሱቅ ተጣራ። እዚያ አንድ ኮርቻ ሠሪ ሽማግሌ አሉ፤ ልባብና ጠፍር ደጃፋቸው ላይ ሰቅለው ከጠዋት እስከ ማታ ቆዳ ይሰፋሉ። መርፌያቸውን ነጠላቸው ላይ ሰክተው መጡ።

"ምን ብዬ ነው የምዋሰው?"

"ዲስክ ይቀበላል ብለው ይዋሱ።"

"ዲስክ ምንድን ነው?"

ጎማውን ልመልስ እጄን ዘረጋሁ። "አባቴ፣ የማያውቁትን ነገር እንዴት ይዋሳሉ?" አልኳቸው።

"እኔ ልጁን አውቀዋለሁ፤ ልጁ ጎማውን ያውቀዋል" አሉ። ከዚያ ቀጥ ብለው ዓይኔን አዩኝ። "ይሄ ጎማ ለልጅዎ ካልሆነ እኔ አለሁ። ዋሱ ነኝ።"

ቶሎ ተዋሱ። በጣም ቶሎ። ከሱቁ ስወጣ ሁለቱ በአንድ ዓይን የሚጠቃቀሱ መስሎኝ ዞሬ አየሁ፤ አንዱ ጎማ ይነፋል፣ አንዱ ቆዳውን ይሰፋል። ይህም ብሶ አስጠረጠረኝ።

ማታ ልጄ ዲስኩን ከተጣመመው ጎማ ፈታችና በአዲሱ ላይ ልታስር አስጠጋችው። አልሆነም። የእኛ ዲስክ ዙሪያውን ስድስት ቀዳዳ አለው፤ በስድስት ብሎን ነው የሚታሰረው። የአዲሱ ጎማ ሞዞ ግን አንድም የብሎን ቀዳዳ የለውም፤ እምብርቱ ዙሪያውን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ጥርስ ነው። ለካ ዲስክ የሚቀበል ጎማ ሁሉ አንድ ዓይነት ዲስክ አይቀበልም፤ አንዱ በብሎን የሚታሰረውን፣ ሌላው ጥርስ በጥርስ የሚሰካውን ነው የሚፈልገው። ሻጩ አልዋሸኝም፤ እውነቱን ግማሽ አድርጎ ነው የሸጠልኝ።

ልጄ ዲስኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ።

"አባዬ፣ አውቀህ ነው?"

"ምኑን?"

"አንተ ሚስማር ስትገዛ እንኳ ቀዳዳውን ለክተህ ነው። እኔ ቁልቁለቱን እንዳልወርድ ስትል ይሆን እንዴ?"

በጣም ተናደድኩ። በሰው ግምጃ ቤት አንዲት ማንኪያ ያልጎደለብኝን ሰው፣ የገዛ ልጄ ሌባ ያለችኝን ያህል አመመኝ። እናቷ ከጓዳ፣ "እሱ እንደሆነ አያደርገውም አይባልም" ብላ ጨመረችበት። ተነስቼ ወጣሁ። የተናደድኩት ግን ልጄ ስላልተሳሳተች ጭምር ነበር። አውቄ አልገዛሁም፤ ቤተ ክርስቲያን ቢወስዱኝ እምልበታለሁ። ነገር ግን ዲስኩ አልገባ ሲል፣ ከንዴቴ በፊት አንዲት ትንሽ ደስታ በሆዴ አልፋለች። ልጄ ያቺን ሳታይብኝ አልቀረችም።

በማግስቱ ዲስኩን ኪሴ ከትቼ ጎማውን ተሸክሜ ወረድኩ። ሻጩ ግድግዳው ላይ የለጠፈውን "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ጽሑፍ በአገጩ አሳየኝ። ከዚያ መፍትሔ ይደረድርልኝ ጀመር። ቶርኖ ቤት ወስደን ሞዞውን እናስበሳው። ካልሆነ ዲስኩን ከሞዞው ጋር እናስበይደው።

"ልጄን በብየዳ ቁልቁለት አላወርድም!"

ሰው ተሰበሰበ። ኮርቻ ሠሪው ስፌታቸውን አስቀምጠው መጡና በሁለታችን መሐል ቆሙ። ነገሩን ሰሙ፤ ምንም አልተከራከሩም።

"ዋሱ እኔ ነኝ፤ ለእኔ ይስጡኝ" አሉ። ጎማውን ወሰዱ። "ያቺንም ሰሃን ይስጡኝ።"

"ዲስኩን ለምን?"

"በቅሎዋን ሳላይ ኮርቻ ቆርጬ አላውቅም። ልክ በወሬ አይሆንም።"

ዲስኩን ከኪሴ አውጥቼ ከመስጠቴ በፊት ዞር አልኩና በሚስማር ጫፍ፣ ከቀዳዳዎቹ አጠገብ፣ ትንሽ መስቀል ጫርኩበት። ግምጃ ቤት የነበረ ሰው ምልክት ሳያደርግ ዕቃ አያወጣም፤ የእኛን ወስደው የሌላ ቢመልሱልኝ በምን አውቃለሁ?

ሰውየው በማግስቱ ከሱቃቸው ጠፉ። ሻጩን ስጠይቀው፣ "ባሕር ዳር ሄደዋል" አለኝ። ኮርቻ ሠሪ የሳይክል ጎማ ይዞ ባሕር ዳር ምን ይሠራል? "እዚያ ሳይክል ብዙ ነው፤ የሚለውጠኝ አላጣም ብለው ነው" አለኝ። በዚያ ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ስልኩም ከመንገዱ ጋር ተማክሮ የሚሠራ ይመስል ይጠፋል። ማንን ደውዬ ልጠይቅ? በየቀኑ መናኸሪያ ሄጄ ከባሕር ዳር የሚመጡትን አውቶቡሶች እጠብቃለሁ። ሽማግሌ ሲወርድ እቆማለሁ፤ እሳቸው አይደሉም። ጎማችንም ዲስካችንም በአንድ እጅ ገብቷል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ግን እየጠረጠርኩም ተመነጠርኩ ብዬ ራሴን ረገምኩ።

ልጄ በእነዚያ ቀናት በእግሯ ሄደች። የክትባት ሳጥኑን በትከሻዋ አድርጋ ጎህ ሲቀድ ትወጣለች፤ ማታ እግሯን ለብ ባለ ውኃ ነክራ ትቀመጣለች። አላማረረችም። ብታማርር ይሻለኝ ነበር። አንድ ማታ ብቻ እግሯን እያሸች፣ "ዲስኩ ከኪስህ ለምን ወጣ?" አለችኝ። የኮርቻ ሠሪውን ነገር ስነግራት እንደ ተረት አዳመጠችኝ። እውነቷን ነው። ከኮርቻ ሠሪ ጋር ፍሬን ፍለጋ ባሕር ዳር የተላከ ጎማ፣ ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም አላምንም።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ኮርቻ ሠሪው ናቸው፤ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ጎማ ትከሻቸው ላይ። ጋቢያቸው አቧራ በአቧራ ሆኗል። ሲሄዱ ደምበጫ ላይ መንገድ ተዘግቶባቸው ቤተ ክርስቲያን ግቢ አድረዋል። ባሕር ዳር ገብተው ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ፣ ዲስካችንን እያንዳንዱ ሞዞ ላይ እያስጠጉ፣ "ይቺ የምትቀመጥበትን ጀርባ ስጡኝ" እያሉ ለመኑ። ያ ባለ ጥርሱን ጎማ የሚፈልግ አንድ ባለ ሱቅ አግኝተው ለወጡ። ከረጢቱን ገለጡት። ስድስት ቀዳዳ፣ ስድስት ብሎን፤ ዲስኩ ላዩ ላይ ታስሯል፤ እንዲያውም ያብረቀርቃል። ጎንበስ ብዬ የጫርኩትን መስቀል ፈለግሁ። አለ። የራሳችን ዲስክ ነው። ጥርጣሬዬ የሚይዘው ነገር አጥቶ እጁ ባዶ ሲቀር ተሰማኝ።

"እንግዲህ ከዋስነቴ ወጣሁ?" አሉኝ።

"ወጥተዋል አባቴ። እግዜር ይስጥልኝ።"

ጠላ ጠጥተው ሄዱ። ልጄ ማታ ስትመጣ ጎማውን አይታ ከዚያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳይክሉ ላይ አሰረችው፣ አሽከረከረችው፤ ዲስኩ በሸራዎቹ መሐል ሳይነካ አለፈ። ግቢ ውስጥ ገፋ ገፋ አድርጋ ፍሬኑን ያዘች።

ጎማው አልቆመም።

እንደገና ያዘች። ዲስኩ በሸራዎቹ መሐል ሾልኮ ይሄዳል። ልጄ በርከክ ብላ በጣቷ ነካችው፤ ጣቷን አሸተተች።

"ሞራ ነው" አለች። ከዚያ ዓይኗ ቀዳዳዎቹ አጠገብ ያለችው ጭረት ላይ አረፈ። "ይሄንንስ ማን ጫረው?"

"እኔ ነኝ። ምልክት ነው።"

ቀና ብላ ስታየኝ የራሴን ዓይን ነው ያየሁት። እንደዚያ አድርጌ ስንቱን ሹፌር፣ ስንቱን ዘበኛ አይቻለሁ!

"ሰውየው ባሕር ዳር ድረስ ለፍቶ ያመጣውን ለምን ሞራ ይቀባዋል? አንድ ሰው ብቻ ነው እኔ እንዳልወርድ የሚፈልግ።"

"ልጄ፣ አልነካሁትም።"

"ዋስህ ማነው?"

የሚዋሰኝ ሰው ለማግኘት ዞር ብል ባለቤቴ ደጃፉ ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። እሷም አልተዋሰችኝም።

በማግስቱ ማልጄ ኮርቻ ሠሪው ዘንድ ሄድኩ፤ አንገታቸውን ይዤ ልጄ ፊት ላቆማቸው ነው። ገና ሰላምታ ሳልጨርስ እሳቸው ቀደሙኝ።

"ጎማዋን አየቻት? እንዴት ነው፣ አማረች?" አሉ። ፊታቸው በራ። "ከባሕር ዳር ስመለስ ሌሊት ባደርኩበት ሁሉ ብረቷን በሞራ አሸኋት። ዝገት እንዳይነካት፣ ልጅቷም ስትነዳ እንዲለሰልስላት። እኔ ሳልቀባ ዕቃ ከእጄ አይወጣም።"

ኮርቻውንም፣ ልባቡንም፣ እርካቡንም እንደዚያ ነው የሚያወጡት። ቆዳ ያለ ሞራ ይሰነጠቃል፤ ብረት ያለ ሞራ ይዝጋል። ሲቀባ የሚገድል ብረት በዕድሜያቸው አጋጥሟቸው አያውቅም። በእጄ ይዤ ልወስዳቸው የመጣሁት ሰው፣ ያችን ሰሃን ዲስክ መባሏን እንኳ የሰሙት ከኔ ነው። እውነቱን ብነግራቸው የለፉበት ሁሉ እዚያው ይሞታል። ቁልቁለቱን ደግሞ ያውቁታል፤ ልጄን ሊገድሏት እንደነበር ሲገባቸው ያ ፊት ምን እንደሚሆን ታየኝ።

"አምራለች አባቴ። እጅዎ ይባረክ" አልኳቸው።

ባዶ እጄን ወደ ቤት ስመለስ ልጄ ግቢ ውስጥ ተቀምጣለች። ዲስኩን ፈትታ ከጤና ኬላው ባመጣችው አልኮል በጥጥ ትጠርጋለች፤ ሸራዎቹን አውጥታ በብርጭቆ ወረቀት ታሻለች። ደጋግማ ትጠርግና ታሸታለች። ከየት እንደመጣሁ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳት። ስትጨርስ ሁሉንም መልሳ ገጥማ ሳይክሉን ይዛ ወጣች፤ ተከተልኳት። ቁልቁለቱ አፍ ላይ ቆመች። ፍሬኑን ትይዛለች፣ ትለቃለች። አልወጣችበትም።

"ኩርባው ላይ እኔ እቆማለሁ" አልኳት።

"ለምን?"

"ገደሉና አንቺ መሐል እንድሆን። ፍሬኑን ያበላሸሁት እኔ ከሆንኩ መጀመሪያ የምትገጪው እኔን ነው።"

መልሷን ሳልጠብቅ ወረድኩ። ኩርባው ላይ፣ ጠጠሩ ላይ ቆምኩ፤ ከኋላዬ ገደሉ ነው። ከላይ መጣች። መጀመሪያ ቀስ አለች፤ ያዘች፣ ለቀቀች፣ እንደገና ያዘች። ዲስኩ ሲፋጭ ያሰማው የደረቀ ድምፅ ከሩቅ ተሰማኝ፤ እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። አጠገቤ ስትደርስ የፊት ጎማው ጫማዬን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ቀጥ ብሎ ቆመ።

ጎማውን አየች፤ እኔን አየች። "ዞር በልልኝ፤ ሰዎች ይጠብቁኛል" አለች። ዞር አልኩላት። ቁልቁል ሄደች።

ይህ ከሆነ ቆይቷል። ዛሬም በዚያው ቁልቁለት ትወርዳለች፤ ዝውውር ጠይቂ ማለቱንም ትቻለሁ። ግን በየጠዋቱ ከመውጣቷ በፊት ሳይክሉን ግቢው መሐል ታቆማለች። ስድስቱን ብሎኖች አንድ በአንድ ትፈትሻለች፣ ዲስኩን በጥጥ ጠርጋ ጥጡን ታሸታለች፣ ፍሬኑን ይዛ ትገፋለች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ደጃፍ ላይ የተቀመጥኩትን እኔን በጎን ዓይኗ ታየኛለች።

ባለቤቴ የሞራውን ነገር ከኮርቻ ሠሪው ቤት ከሚመጣ ሰው ሰምታለች። "ልጅህ እስከ መቼ ነው የምትጠረጥርህ? ሂድና እውነቱን ንገራት እንጂ" ትለኛለች። እኔ ግን አልነግራትም። እውነቱን የነገርኳት ዕለት በጠዋት ተነስታ ፍሬኗን ሳታይ ትወጣለች። ስለዚህ ትጠርጥረኝ።